የሩጫ መነሳሳት ዐቢይ ኮሚቴ

በእኛ የግንባታ ፈቃድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ኃላፊውን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ጋሽ ሰኞ ነው የምንላቸው። ጥርስ ማስነቀልም ሆነ ጣራ ማስጠገን፣ ሁሉም ነገር የሚጀመረው በሚመጣው ሰኞ ነው። ሰውዬው ሰነፍ አይደሉም። ሰነፍ ጭራሽ አይጀምርም፤ እሳቸው ግን በየሳምንቱ ሊጀምሩ ነው። እኔ ጠረጴዛዬ ከጠረጴዛቸው ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

አንድ ቀን እስክሪብቶ ወደቀባቸው። ሊያነሱ ጎንበስ አሉና ግማሽ መንገድ ላይ ቀሩ። ወደ ታችም ወደ ላይም አልሆነ። ለሁለት ደግፈን ቀና አደረግናቸው። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል፣ ትንፋሻቸው እንደ ወናፍ ይነፋል።

«እስክሪብቶው ይቅር» አሉ። «ቀለሙም አልቆ ነበር።»

በማግስቱ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ባለቤታቸውን እኛ እትዬ ነው የምንላቸው። የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ዙሪያ ጥምጥም አይወዱም። ሐኪሟም የምትወድ አልነበረችም።

«ልብዎ ደክሟል» አለቻቸው። «ክብደት መቀነስ አለብዎት። ጠዋት ጠዋት ይራመዱ፤ ሲለምዱት ቀስ እያሉ ይሮጣሉ። እራትም ያሳንሱ።»

«እሱስ ልክ ነሽ ዶክተር፤ ግን መነሳሳቱ ነው የጠፋኝ።»

«እሱን ፋርማሲ አይሸጡትም።»

«ታዲያ ከየት ይገኛል?»

«ጫማዎን አጥልቀው ይውጡ፤ መንገድ ላይ ያገኙታል።»

ጋሽ ሰኞ መልሱን አልወደዱትም። ቢሮ መጥተው «ልጅ ናት፤ ገና ልምድ ይቀራታል» አሉን። ሰው ሁሉ ወደ ምሳ ሲወጣ ግን ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የመጨረሻዋ ልጄ እኮ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም» አሉኝ።

ፈርተው ነበር። ስለፈሩም፣ በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰኞን ሳይጠብቁ ጀመሩ። ቱታ ገዙ፣ ጫማ ገዙ፣ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ገዙ፤ ጎህ ሲቀድም ወጥተው እስከ ሰፈራቸው ዳቦ ቤት ሮጡ። ዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ ላባቸው ሳይደርቅ፣ ራሳቸውን ፎቶ አነሱና «ተጀመረ» የሚል ጽፈው በማኅበራዊ ገጻቸው ለወዳጅ ዘመድ ለቀቁት። ከዚያ ትኩስ ዳቦ ይዘው በታክሲ ተመለሱ።

ቤት እስኪገቡ ስልካቸው ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ጀግና ያላቸው አለ፣ አንበሳ ያላቸው አለ፣ «እርስዎን አይቼ እኔም ልጀምር ነው» ያላቸውም ብዙ ነው። ጋሽ ሰኞን በሕይወት ዘመናቸው ይህን ያህል ሰው አመስግኗቸው አያውቅም። የግንባታ ፈቃድ የሰጡት ሰው እንኳ ጨርሶ አመስግኗቸው አያውቅም፤ በእርግጥ ፈቃዱ ዘግይቶ እጁ እስኪገባ ሰውየው አርጅቶ ቦታውን ለልጆቹ አውርሶ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከወገባቸው በታች ያለው አካላቸው አልታዘዝ አለ። ተከታዮቻቸው ደግሞ «ዛሬስ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጋሽ ሰኞ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡና «ሩጫ የሚጀምረው ከእግር አይደለም፤ ከውስጥ ነው» ብለው ጻፉ። ምስጋናው ከትናንቱ እጥፍ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባቸው። ሩጫ ያደክማል፤ ስለ ሩጫ መናገር አያደክምም፤ ሙገሳው ግን የንግግሩ ይበልጣል።

አነቃቂው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። አነቃቂ ተናጋሪ ነው፤ ሥራው ሰው ማነቃቃት ነው። ቀጭን ወጣት ነው። እንዴት ቀጭን ሊሆን እንደቻለ ስንጠይቀው «ተፈጥሮዬ ነው» ብሎናል። ጋሽ ሰኞ ቤት ሳሎን ተቀምጦ ዓይን ዓይናቸውን እያየ «ጋሼ፣ እርስዎ ውስጥ የተኛ አንበሳ አለ» አላቸው።

«የተኛውን እኔም አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ ከጓዳ።

አነቃቂው ለጋሽ ሰኞ ድምፁን ቀድቶ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ በየንጋቱ ስልካቸው «ተነስ፣ ዓለም አንተን እየጠበቀች ነው» እያለ ይጮሃል። ጋሽ ሰኞ ጋደም እንዳሉ ደጋግመው ያደምጡታል፣ ደረታቸው ይሞላል፣ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፣ መልሰው ይተኛሉ። እትዬ ግን አንዴ ከነቁ እንቅልፍ እምቢ የሚላቸው ሰው ናቸው። ድምፁን ሽሽት ያረጀ ሸራ ጫማቸውን አድርገው ይወጡ ጀመር። መጀመሪያ ሰፈሩን ይዞሩ ነበር። ቀጥሎ እስከ ድልድዩ ሄዱ። ከዚያ አንድ ጠዋት ዝናብ ሲያባርራቸው ሮጡ፤ ደስም አላቸው፤ በሚቀጥለው ቀን ዝናብ ሳይኖርም ሮጡ። ለማንም አልተናገሩም፣ ፎቶም አልተነሱም። ነገሩን ያወቀችው ቀሚሳቸውን ሦስቴ ያጠበበችው ልብስ ሰፊ ብቻ ናት።

ጋሽ ሰኞ ነገሩን የሰሙት ከእሷ ነው። ቤት ሲገቡ ባለቤታቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«እኔ ነኝ ያነሳሳሁሽ» አሉ።

«እውነትህን ነው። ስልክህ ባይጮህ እተኛ ነበር።»

ይህን እንደ ምስጋና ቆጠሩት፤ ለተከታዮቻቸውም አካፈሉት። እትዬ ግን አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ነገ አብረን እንውጣ» አሏቸው። «መሮጥ የለብህም። ዝም ብለህ አጠገቤ ሂድ።»

«ነገ የኮሚቴ ስብሰባ አለኝ።»

«የምን ኮሚቴ?»

«የሩጫ።»

እውነትም ነበራቸው። የጋሽ ሰኞ ዝና ዋና ሥራ አስኪያጃችን ጆሮ ደርሶ፣ «ጤናማ ሠራተኛ፣ ጤናማ ማኅተም» በሚል መሪ ቃል የሩጫ መነሳሳት ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር፤ ሰብሳቢው ጋሽ ሰኞ። ከሥሩ የጫማ ንዑስ ኮሚቴ፣ የውኃ ንዑስ ኮሚቴ፣ እንዲሁም የላብ ቅድመ ጥናት ቡድን ተዋቀሩ። ለሚሮጥ ሰው ኃይል ያስፈልገዋል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ስለተያዘ በየስብሰባው ኬክና ሥጋ የገባበት ዳቦ ይቀርባል። ስብሰባው ላይኛው ፎቅ ነው። ሊፍቱ የተበላሸ ቀን ምልዓተ ጉባኤ ስለማይሟላ ስብሰባው ይተላለፋል።

በዚያ ሰሞን በሁሉም ቢሮ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ሠራተኞች ለሩጫ በመነሳሳት ላይ ስለሆኑ ለሚደርስብዎ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። አንድ ባለጉዳይ አዛውንት መነጽራቸውን አውጥተው ሁለቴ አነበቡት።

«የት ነው የሚሮጡት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ገና ነው አባባ። እየተነሳሱ ነው።»

«እኔም አጥሬን ላቁም ብዬ ከተነሳሳሁ ቆየሁ» አሉና ወደ ወረፋቸው ተመለሱ።

ለታላቁ ሩጫ ቲሸርት ታዘዘ። ልኩን የወሰነው አነቃቂው ነው። «የምንለብሰው ያለንበትን አይደለም፤ የምንደርስበትን ነው» ብሎ ሁሉንም በቀጭን ሰው ልክ አሰፋው። ለአንድም ሰው አልገባም። ትከሻችን ላይ እንደ ፎጣ ጣል አድርገን ወጣን።

ታላቁ ሩጫ ከአደባባዩ ተነስቶ ድልድዩን ተሻግሮ ስታዲየም እንዲያልቅ ነበር የታቀደው። መንገዶቹ ከማለዳው ተዘጉ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ስለ ሩጫ ምንነት ተናገሩ። ምክትላቸው ዋና ሥራ አስኪያጁ የተናገሩትን አብራሩ። አነቃቂው ስለ አንበሳው ተናገረ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ሙቀቱን ከግምት በማስገባት ሩጫው እስከ ድልድዩ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሌላ ንግግር ተደረገ። ከዚያ ሩጫው ተምሳሌታዊ ሆኖ ከመድረኩ እስከ ምሳው ድንኳን እንዲሆን ተወሰነ፤ ይህ ውሳኔ በከፍተኛ ጭብጨባ ጸደቀ።

በመጨረሻ ጋሽ ሰኞ «የንቅናቄያችን ሕያው ምሳሌ» ተብለው ተጠሩ። ለካሜራ እንዲያምር ደረጃውን በሩጫ እንዲወጡ ተነገራቸው። ሮጡ። ማይኩን ያዙ። «ወገኖቼ፣ ዋናው ነገር» ብለው ቆሙ። እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያ በጎናቸው ተኙ።

አነቃቂው ማይኩን ከእጃቸው ወሰደ።

«አያችሁ» አለ፤ «መውደቅ የጉዞው አካል ነው።»

አጨበጨብን። ምን ይዋሻል፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። የማላጨበጭብ ብሆን ኖሮ በዚያ መሥሪያ ቤት ይህን ያህል አልቆይም ነበር።

ያላጨበጨቡት ባላቸውን ሊያዩ የመጡት እትዬ ብቻ ነበሩ። መድረኩ ላይ ወጥተው የባላቸውን አንገት ዳሰሱ፣ ቀበቷቸውን ፈቱ፣ አምቡላንስ ጠሩ። አምቡላንሱ ለሩጫው በተዘጋው መንገድ ወዲያ ማዶ ቆሟል አሏቸው። ሐኪም ቤቱ ከድልድዩ ባሻገር ነው። ባላቸውን ለእኔ አስይዘው፣ ቀሚሳቸውን በእጃቸው ሰብሰብ አድርገው መንገዱ የተዘጋበት ገመድ ጋ ደረሱ።

«እማማ፣ ሩጫው አልተጀመረም» አላቸው ገመዱን የያዘው ጥበቃ።

«ለእኔ ተጀምሯል» አሉና በገመዱ ሥር ሾልከው ሄዱ።

እኔ የጋሽ ሰኞን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ አየኋቸው። አይንገዳገዱም፣ አይቆሙም፣ ወደ ኋላ አይዞሩም። ጋሽ ሰኞ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ «የት ሄደች?» አሉኝ። «መጡ፣ መጡ» አልኳቸው። እውነትም ብዙ ሳይቆዩ ከዚያችው ሐኪምና ከቃሬዛ ጋር መጡ። ሐኪሟ እዚያው መርፌ ወጋቻቸው። ቃሬዛውን የተሸከምነው እኛ የንቅናቄው አባላት ነን፤ በየጥቂት እርምጃው እየተቀያየርን፣ ወንድ ወንዱ እየተመረጥን። እትዬ የያዙትን ጫፍ ለማንም ሳይለቁ ድልድዩን ተሻገሩ።

ጋሽ ሰኞ ተረፉ። ልጠይቃቸው ስሄድ ትራስ ተደግፈው ግድግዳ ያያሉ።

«ወድቄ እያለሁ ጭብጨባውን ሰማሁት» አሉኝ። «ደማቅ ነበር። ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው።»

 ብርቱካን ልጬ ሰጠኋቸው።

ዋና ሥራ አስኪያጁም ከልዑካን ጋር ትልቅ ኬክ አስይዘው መጡ። ጋሽ ሰኞን በሩጫ ላይ የወደቁ የመጀመሪያው ሠራተኛ ብለው አሞገሷቸው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ እትዬ ዞሩ።

«በእርስዎ ላይ ግን ቅሬታ ቀርቧል» አሉ። «ያለ ቁጥር፣ ከመነሻው ምልክት በፊት፣ ባልተፈቀደ ልብስ ነው የሮጡት። ሕዝቡ ያየው ሩጫ እሱ ብቻ ሆኖ ቀረ። ለገጽታችን ጥሩ አይደለም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ እትዬ። «ስቸኩል መነሳሳቱን ረሳሁት።»

ጋሽ ሰኞ ሳቁ። ሲስቁ ደረታቸውን ስላመማቸው ነርሷ ልዑካኑን አስወጣች። ኬኩም አብሮ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙም የሚወራለት አይደለም። በሐኪም ቤቱ ኮሪደር በባለቤታቸው ክንድ ተደግፈው ተራመዱ። ቤት ሲገቡ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ሄዱ። ስልካቸውን እትዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፉት፤ ተከታዮቻቸውም ሌላ ጀግና አገኙ። ጠዋት እየተነጫነጩ ይወጣሉ፣ ተረጋግተው ይመለሳሉ። እራታቸው አነሰ፤ ሱሪያቸው ሰፋ። አሁን በትንሹ ይሮጣሉ፤ ሩጫ ለማለት ቅርብ ሆኖ ማየት ያስፈልጋል፣ ግን ሩጫ ነው።

ባለፈው የሁለተኛው ዙር ንቅናቄ ሲከፈት፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ተሞክሯቸውን እንዲያካፍሉ ጠሯቸው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ጋሽ ሰኞ ተነሱ።

«ጠዋት መነሳት አልፈልግም፤ እነሳለሁ» አሉ። «መውጣት አልፈልግም፤ እወጣለሁ። ስመለስ ደስ ይለኛል። በማግስቱ እንደገና አልፈልግም። ይኸው ነው።» ተቀመጡ።

 ዋና ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ፤ ምሳው ገና አልደረሰም።

«ትንሽ የሚያነቃቃ ነገር ቢጨምሩበት?» አሉ።

«የለኝም። ይቅርታ፣ ባለቤቴ በር ላይ እየጠበቀችኝ ነው» ብለው ጋሽ ሰኞ ወጡ።

አነቃቂው በፍጥነት መድረኩን ተረከበ። ጥቂት ቆይቶ ግን በመስኮቱ በኩል ያሉት ሰዎች አንገታቸውን ወደ ውጭ ማስገግ ጀመሩ። ባልና ሚስት በሜዳው ዳር ጎን ለጎን እያዘገሙ ይሮጣሉ፤ እትዬ አንድ ነገር ይላሉ፣ ጋሽ ሰኞ ይስቃሉ። የኋለኛው ረድፍ ለማየት ተነሳ። የፊተኛውም ዞረ።

«መጋረጃውን ዝጉት» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ። «ሠራተኛው እየተነሳሳ ነው፤ አይረብሹት።»

መጋረጃው ተዘጋ፣ መብራት በራ። ምሳው እስኪመጣ ድረስ ተነሳሳን።