«ተረከቡኝ» የማይሉት አለቃ

ወሬ ሁሉ በእሱ በኩል ካላለፈ የደረሰ የማይመስለው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። የእኛውን ክቡር አለቃ እንላቸዋለን። የሾማቸው የለም፤ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እንደሚባለው በራሳቸው ትጋት ያገኙት ማዕረግ ነው። እኔ አጠገባቸው ነው የምቀመጠው፤ ልቤን አውልቀውታል።

ሥራችን የሬዲዮ መሣሪያዎችን ያለ አንቴና ምሰሶ ማነጋገር ነው። ጎርፍ ምሰሶውን ሲጥለው፣ የነፍስ አድን ሠራተኞች የያዟቸው መሣሪያዎች መልእክቱን እየተቀባበሉ ያደርሳሉ። ሁሉም ለሁሉም ከጮኸ ግን ገበያ ይሆናል። ስለዚህ የተቀራረቡት ይቧደኑና አንዱን አለቃ ያደርጋሉ፤ መልእክቱ በእሱ በኩል ያልፋል። ችግሩ፣ ሰው አንድ ቦታ አይቆምም፤ የአለቃውም ባትሪ ቶሎ ያልቃል። ማን ይመረጥ በሚለው ስንት ስብሰባ ተቀመጥን! ክቡርነታቸው ጠረጴዛ እየደበደቡ፣ «የሚሮጥ አለቃ አይሾምም!» ይላሉ። ረጋ ያለው ይመረጣል፤ መቀጠል ሲያቅተው «ተረከቡኝ» ብሎ ለሌላው ያስረክባል። ይህችን ቃል በመሣሪያው ፕሮግራም ውስጥ የጻፏት እሳቸው ናቸው።

ራሳቸው ግን ብለዋት አያውቁም። ሒሳብ ሠራተኛዋና ጥበቃው ሲኳረፉ የሚነጋገሩት በእሳቸው በኩል ነው። እህቶቻቸው እንኳ አንድ ግቢ እየኖሩ እሳቸው ዘንድ ይደውላሉ። «ወንድምጋሼ፣ እትዬን በሩን ክፈቺልኝ በልልኝ!»

በቀደም ገምጋሚዎች መጡ። ሙከራው ከከሸፈ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፤ እኛም ወደየቤታችን። መሣሪያ ይዘን በየደረጃው ስንወጣ ስንወርድ፣ እሳቸው ከወንበራቸው ስላልተነሡ የቡድኑ አለቃ የእሳቸው መሣሪያ ሆነ። ከደረጃው ተመልሼ አጠገባቸው ስቆም ስልካቸው ጮኸ። እናታቸው ወድቀው ሆስፒታል ገብተዋል። ስልኩ እንደገና ጮኸ፣ አሁንም ጮኸ። እህቶቻቸው ሁሉ እዚያው ሆስፒታል ሆነው፣ አንዷ የሌላዋን መድረስ የምትጠይቀው እሳቸውን ነው።

«ይሂዱ እንጂ!» አልኳቸው።

«አለቃው እኮ የኔ መሣሪያ ነው። የሚሮጥ አለቃ...» አንዴ ስልካቸውን፣ አንዴ መሣሪያውን ያያሉ። አንጀቴን በሉት።

«እንግዲያው አስረክብ፣ አንተ ሰው!» ብዬ ጮኽኩ። ማዕረጉን ረሳሁት።

የማስረከቢያዋን ቁልፍ ተጫኑ። አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር «ተረከቡኝ» የምትለው ቃል በእኔ መሣሪያ ላይ ብቅ አለች። መልእክቶቹም በእኔ በኩል ዞረው፣ አንድም ሳይጠፋ መድረሳቸውን ቀጠሉ። ገምጋሚዎቹ ፈገግ አሉ። ክቡርነታቸው በሩ ላይ ቆም ብለው መልእክቶቹ የሚታዩበትን ስክሪን አዩት። ያለ እሳቸውም እንደሚሠራ ሲያዩ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ወደ አመሻሹ ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ።

«የወንድምጋሼ የሥራ ባልደረባ ነህ አይደል? እማዬ ተመስገን ደህና ናት። እሱ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለው። ከዛሬ ጀምሮ የምትፈልጉትን ለባልደረባዬ ንገሩ ብሎ ያንተን ቁጥር ሰጠን። እስቲ እትዬን ብርድ ልብስ ይዘሽለት ግቢ በልልኝ።»

«የት ናት እሷ?»

«እዚሁ፣ በሩ ጋ።»

ደክሞኛል። እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም።

«እንዳትቀሰቅሱት» አልኳትና የእትዬን ቁጥር ተቀበልኩ።