የጄሶ ፋብሪካዋ ላም

ይህ የላም ታሪክ ነው። ሰው ቢገባበትም ላሟን ለማለብ፣ ለማሰርና ለመፍታት ያህል ነው የገባበት። ስለዚህ ማንም ስለ እኔ ተወራ ብሎ እንዳይቆጣ።

ላሟ ጥቁር ነበረች። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ መክብብ ከገበያ ገዝተው ሲያስመጧት ጥቁረቷ በፀሐይ ያብለጨልጭ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዳለቻ ሆነች፣ በሁለተኛው ወር ነጭ። ጄሶ ፋብሪካ እንዲህ ነው፤ የገባውን ሁሉ በራሱ መልክ ይሠራዋል። ሠራተኞቹም ሙሽሪት አሏት። ነጭ ለብሳ ከቤቷ ወጥታ የማትመለስ ናትና።

አመጣጧ በስብሰባ ነው። የማሸጊያው ክፍል አንድ በር፣ አንድ መስኮትና አንድ ማሽን ነበረው። ማሽኑ የተፈጨውን ጄሶ ከላይ ይለቃል፤ ሠራተኞቹ ከታች ጆንያ ከፍተው ይቀበላሉ፣ ይሰፋሉ፣ ይቆልላሉ። ጆንያው ያልተቀበለው አየር ላይ ይቀራል። አየር ላይ የቀረውንም ቢሆን የሚቀበል አልጠፋም፤ ሃያ ሁለት ሰው ነበር።

ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት አቶ መክብብ ሃያ ሁለቱን ሰብስበው፣ "ፋብሪካው ለደረታችሁ አስቧል" አሉ። "ምረጡ። አቧራ የሚስብ ማራገቢያ ይተከል ወይስ ላም ተገዝታ በየቀኑ ወተት ትጠጡ?"

ወተት እንደሚያጥብ የማያውቅ የለም። ጋራዥ ውስጥ ቀለም የሚረጨው ወተት ይጠጣል፣ ባትሪ የሚሠራው ወተት ይጠጣል፣ ማተሚያ ቤት ያለውም ወተት ይጠጣል። ጄሶው የሚገባው ወደ ሳንባ፣ ወተቱ የሚገባው ወደ ሆድ መሆኑን ያነሣ ግን አልነበረም። ቢነሣም የሚሰማው አያገኝም። ሁሉም በልቡ የሚያስበው ሌላ ነገር ነበር፤ ማራገቢያ ወደ ቤት አይወሰድም። ወተት ግን በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ተደርጎ፣ በነጠላ ተሸፍኖ፣ ልጅ ዘንድ ይደርሳል።

ሃያ ሁለት እጅ ለላሟ ወጣ። ሲያጨበጭቡ ከእጃቸው የተነሣው ጄሶ ስብሰባውን ለጥቂት ጊዜ አቋረጠው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሥራ መልስ አንዳንድ ኩባያ ይታደላል። አቶ መክብብ በር ላይ ቆመው "ጠጡ፣ ጠጡ፣ ደረታችሁን ይጠብላችሁ" ይላሉ። ሁሉም ኩባያውን ከንፈሩ ላይ ያደርስና "ተባረኩ" ይላል። ሠራተኞቹ ሄድ ብለው ከአጥሩ ጥግ ሲደርሱ ፕላስቲኮቹ ይወጣሉ። እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረታቸው የታጠበላቸው ልጆቻቸው ናቸው።

ላሟን የምታልባት ማንያህልሻል የምትባል የማሸጊያው ሠራተኛ ነበረች፤ አርባን የተሻገረች፣ የማትስቅ፣ የምታስቅ። ላሟን የምታስራት መስኮቱ ሥር ነው፤ ግቢው ውስጥ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነውና። በመስኮቱ የሚወጣውም ላሟ ላይ ያርፋል።

በሁለተኛው ዓመት ሙሽሪት አሳለች። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ቀጥሎ ስትበላ፣ ቀጥሎ ዝም ብላ ቆማ። ወተቷም ከሃያ ሁለት ኩባያ ወደ አሥራ አምስት፣ ከአሥራ አምስት ወደ ዘጠኝ ወረደ። አቶ መክብብ በጣም ደነገጡ። ላም ናታ!

በዚያው ሰሞን ሌላም የሚያስል ነበር፤ ጋሽ ጥሩነህ። ማሽኑ አፍ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ጆንያ የከፈቱ ሰው ናቸው። ግን የሳቸው ሳል አይሰማም። ፋብሪካው "ያመመው ይረፍ" የሚል ደግ ደንብ አለው። ሦስት ሰዎች በዚህ ደንብ አርፈዋል፤ እስካሁንም እያረፉ ነው፣ ተመለሱ ያላቸው የለም። በር ላይ ደግሞ ሥራ ፈላጊ ከማለዳ ጀምሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የጋሽ ጥሩነህ ትንሿ ልጅ ገና ስድስተኛ ክፍል ናት። ስለዚህ እሳቸው ማሽኑ ሲጮህ ያስላሉ፣ ማሽኑ ዝቅ ሲል ይውጡታል። የላሟን ታሪክ ግን ይህ አያቋርጠው።

ሐኪም ተጠራ። ከከተማ በመኪና የመጣ፣ ዶክተር ሐዲስ የሚባል ወጣት የከብት ሐኪም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የሙሽሪትን ጎን እየነካካ፣ "መቼ ጀመራት?" አለ።

"ቆይቷል ዶክተር" አለች ማንያህልሻል። "አሁን ግን ብሶባታል። ወደ ቤቷ ስትሄድ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ታርፋለች።"

ዶክተሩ ቀና ብሎ ግቢውን አየ። ሜዳ ነው። "ሌላስ?"

"ጋደም ማለት አትችልም። ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ነው የምታነጋው።"

ትርንጎ የምትባለው የማሸጊያው ታናሽ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። "ቀበቶዋንም ሦስት ቀዳዳ አጥብቃለች!"

አቶ መክብብ አፍንጫቸውን በመሐረብ እንደያዙ ዞሩ። "የምን ቀበቶ?"

"የአንገቷን ማለቷ ነው" አለች ማንያህልሻል። "አንቺ ደግሞ ጆንያሽን ክፈቺ!"

የአቶ መክብብ ስልክ ጮኸና ፈንጠር አሉ። ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዕድሜዋ ስንት ነው?"

"ዕድሜዋን አላውቅም። እዚህ ከገባች ግን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።"

ላሟ አምስት ዓመትም የሞላት አትመስልም። ዶክተሩ ማዳመጫውን ከጆሮው ቀስ ብሎ አወረደና በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ማሽኑ ያጓራል። ነጭ ሰዎች ይጎነበሳሉ፣ ይነሣሉ። ከመካከላቸው አንዱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

"ልጆች አሏት?" አለ።

"ሁለት ሴቶች። ትንሿ ጎበዝ ናት ይላሉ።"

አቶ መክብብ ስልካቸውን ጨርሰው ተመለሱ። "እህሳ ዶክተር፣ መርፌ ነው ክኒን?"

"ሁለቱም አይደለም። አቧራ ነው የጎዳት። ወይ እሷ ከአቧራው ትለይ፣ ወይ አቧራው ከእሷ ይለይ። ካልሆነ ዘመን መለወጫን አታይም። እዚህ የሚተነፍስ ሁሉ መድረሻው ይኸው ነው።"

"ሁሉ ሲሉ?"

"ሳንባ ያለው ሁሉ።"

አቶ መክብብ ግቢውን በዓይናቸው ዞሩት። "ያለችን እሷ ብቻ ናት" አሉ።

ዶክተሩ ጽፎ ፈረመ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ወረቀቱ ቢሮ ውስጥ አላደረም። አቶ መክብብ ሲፈልጉ እንዲህ ፈጣን ናቸው! በሦስት ቀን ውስጥ ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ለሙሽሪት በረት ተሠራ፤ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ንጹሕ ውሃ ገባለት። ሁለት ሳምንት እረፍት ተሰጣት፣ ከዚያ በፊት የሚያልባት እንዳይኖር ተባለ። ቦታዋንም ሌላ ላም አልወሰደባትም።

አንድ ነገር ቀረ፤ መስኮቱ። ጥፋቱ የእሱ ነዋ! አቧራውን ወደ ላሟ ሲልክ የኖረው እሱ ነው። ግንበኛ ተጠርቶ በብሎኬት ደፈነው፣ ላዩንም በፋብሪካው ጄሶ ለሰነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማሸጊያው ክፍል አንዲት ቅንጣት ወደ ግቢው አልወጣችም።

ሙሽሪት ዳነች። ጥቁረቷ ከጀርባዋ ጀምሮ ተመለሰ። እንግዶች ለጉብኝት መጡ፤ ለሠራተኞቹ በዚያ ቀን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ታደለ፣ እንግዶቹ ሲወጡ ተቆጥሮ ወደ መጋዘን ተመለሰ። ከእንግዶቹ አንዱ ግቢውን አይተው፣ "ሰው የሚሠራበት አይመስልም፣ እንዴት ንጹሕ ነው!" አሉ። አቶ መክብብ በምስጋናው አንገታቸውን ደፉ።

ውስጥ ግን ሠራተኞቹ መተያየት ተቸገሩ። በስም ነው የሚፈላለጉት። ጋሽ ጥሩነህ በሁለተኛው ሳምንት ጆንያ ማንሣት አቃታቸው፤ ጓደኞቻቸው ከቁልሉ ኋላ አስቀምጠው ድርሻቸውን ይሠሩላቸው ጀመር። አንድ ቀን ማንያህልሻል ውሃ ስታቀብላቸው ክንዷን ያዙ።

"ማንዬ፣ አደራ እንዳይሰማ። የትንሿ ፈተና እስኪያልፍ ልቆይ።"

"ለማን ልንገር ጋሽ ጥሩነህ? ስለ ሰው የሚጠይቅ መቼ መጣና!"

ውሃውን ጠጡ። ከአፋቸው ጥግ የፈሰሰው አገጫቸው ላይ ሳይደርስ ጄሶ ሆኖ ደረቀ። ማንያህልሻል ይህን አየች። በዚያ ቀን ላሟን ስታበላ እንደ ልማዷ አላንጎራጎረችም።

ሦስተኛው ሳምንት አለቀ። ዶክተሩ ረፋድ ላይ ይመጣል ተባለ። ማንያህልሻል ሙሽሪትን ከበረቷ ፈታችና ግቢውን አቋርጣ ወደ ማሸጊያው ክፍል ጎተተቻት። ላሟ በሩ ላይ ስትደርስ አራት እግሯን ተክላ እምቢ አለች።

"ግቢ እንጂ!" አለች ትርንጎ ከኋላ እየገፋች። "እኛ ማንም ሳይገፋን ነው የገባነው!"

"እሷ ደብተር የምትገዛለት የላትማ" አለች ማንያህልሻል።

በገመድና በግፊያ ገባች። ጋሽ ጥሩነህ ይቆሙበት የነበረው ማሽኑ አፍ ሥር ታሰረች። በሩ ተዘጋ። ማሽኑ ሥራውን ያውቃል፤ ከሥሩ ማን እንደቆመ አይጠይቅም።

አቶ መክብብ ዶክተሩን እየመሩ በረቱ ዘንድ ሲደርሱ ባዶ ነው። "የት ሄደች?" ከግድግዳው ወዲያ የታፈነ የላም ሳል ተሰማ። አቶ መክብብ እንደዚያ ሲሮጡ ታይተው አያውቁም። በሩን በረገዱት፤ ነጭ ደመና ፊታቸው ላይ ወጣባቸው።

"ማሽኑን አጥፉ! አጥፉ ነው የምለው!"

መብራት ሲሄድ ካልሆነ በቀር ቆሞ የማያውቀው ማሽን ቆመ።

"መስኮቱን ክፈቱ! መስኮቱ የታለ?"

"እርስዎ አይደሉ ያስደፈኑት!" አለች ትርንጎ።

 ከቁልሉ ኋላ ሳል ተነሣ። የላም አይደለም። ጋሽ ጥሩነህ ማሽኑ ድንገት ቆሞባቸው መዋጥ ያልቻሉት ነው፤ አንዴ ከጀመረ በኋላም አላቆም አለ። ዶክተር ሐዲስ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወረደ፣ በላሟ አጠገብ አለፈ፣ ከቁልሉ ኋላ ሄዶ ተንበረከከ።

"ዶክተር! ላሟ ወዲህ ናት!" አሉ አቶ መክብብ።

"አይቻታለሁ" አለ ዶክተሩ፤ ማዳመጫውን ጋሽ ጥሩነህ ደረት ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ።

አቶ መክብብ መሐረባቸውን ፈለጉ፣ አጡት። እጅጌያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮኹ። "ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? እስትንፋስ ያለው ፍጥረት እዚህ ውስጥ ይታሰራል? ቶሎ ትውጣ!"

የተናገሩትን ሁሉም ሰማ። ምናልባት እሳቸውም ሰምተውታል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ትንሽ ወረደ። "ማንያህልሻል፣ ፍቺያት። እየታፈነች ነው።"

ማንያህልሻል ገመዱን ፈታች፤ ጫፉን ግን መዳፏ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቀለለችው። ቁልሉ በሩን ስላጠበበው አንድ ፍጥረት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ወደ በሩ ተመለከተች፣ ወደ ቁልሉ ዞረች።

"ጋሽ ጥሩነህ፣ ይነሡ" አለች። "በአገባባችን ነው የምንወጣው። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል።"

ጋሽ ጥሩነህ በዶክተሩ ክንድ ተደግፈው ተነሡ። ከኋላቸው ዘጠኝ ዓመት የሠራው ቆመ፣ ከእሱ ኋላ ሰባት ዓመት የሠራችው። ትርንጎ ከገባች ገና ስምንት ወሯ ነውና ሁሉን አሳልፋ ጭራ ላይ ሄደች። ማንም አልተጋፋ፣ ማንም አልቸኮለ።

"ላሟስ?" አሉ አቶ መክብብ። "ላሟስ?"

"ትወጣለች፣ አይቸኩሉ" አለች ማንያህልሻል። "ከፊቷ ሃያ ሁለት ሰው አለ።"