ዞረህ እንዳታይ

ዋጋ ካልተከራከረ የገዛ የማይመስለው ሰው አታውቁም? እኔ ጎረቤቴን ጋሽ ሰይድን አውቃለሁ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ ይነዳሉ። በኮሮናው ሰሞን ሥራ ሲቀዘቅዝ የኢላማ ተኩስ አማራቸውና ርካሽ ሽጉጥ ልንገዛ አብረን ሄድን። ወረፋው እስከ ፓርኪንጉ ደርሷል። ተራችን ሲደርስ ጋሽ ሰይድ አንዷን ሽጉጥ አገላብጠው አዩና፣ በመርካቶ ሕግ የዋጋዋን ግማሽ ጠሩ። ሻጩ ማስኩ ውስጥ ሳቀ። እሳቸውም "በል ተወው!" ብለውት ወጡ።

"ዞረህ እንዳታይ፤ አሁን ይጠራናል" አሉኝ።

ፓርኪንጉ ላይ አናታችን እስኪግል ቆምን። ማን ይጥራን? ከኋላችን ተሰልፎ የነበረው ወጣት ያቺኑ ሽጉጥ ገዝቶ ወጣ።

"እስቲ ጠይቀው፣ ስንት ቀነሱለት?"

ጠየቅሁት። "በተለጠፈባት ዋጋ ነው የገዛት" አልኳቸው።

ጋሽ ሰይድ ከልባቸው አዘኑለት። "ምስኪን! በጠራራ ፀሐይ ተዘረፈ!"