አከራይዋን አዞ ያላት ሰው

(ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ። የአሳምነውና የዱካሞ ስፓዛ፣ ማለትም አነስተኛ የሰፈር ሱቅ። የኪራይ ውላቸው ዛሬ ያልቃል። የሶቶ ቋንቋ ተናጋሪዋ አከራያቸው ማማ ዲኔዎ ከዱካሞ ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው አሁን ወደ ግቢያቸው ገቡ።)

አሳምነው፦ ቆይ፣ ቆይ... ሴትዮዋን ምን ብለህ ነው ሰላም ያልካት?

ዱካሞ፦ «ዱሜላ፣ ክዌና»።

አሳምነው፦ ክዌና ደግሞ ምንድነው?

ዱካሞ፦ አዞ።

አሳምነው፦ (ራሱን ይዞ) ውል የምታድስልንን ሴትዮ አዞ አልካት?!

ዱካሞ፦ ደስ ብሏቸው እየሳቁ ነው እኮ የገቡት።

አሳምነው፦ ጥርሷን ስላየህ? የአዞም ጥርስ ይታያል!

ዱካሞ፦ አባታቸውም አዞ ናቸው፣ አያታቸውም...

አሳምነው፦ ጭራሽ ዘር ማንዘሯን! ዙሉ ተማር አላልኩህም? ሶቶ የሚባል ቋንቋ የለም፤ የተበላሸ ዙሉ ነው።

ዱካሞ፦ ኧረ አሳሜ፣ ሶቶውና ትስዋናው ያለ አስተርጓሚ ነው የሚግባቡት። ዙሉው ሲመጣ ነው ነገሩ የሚለየው።

አሳምነው፦ ፕሮፌሰር! ሻማ እየሸጥክ ነው ይህን ሁሉ ያጠናኸው?

ዱካሞ፦ ደንበኛ ሲያወራ እሰማለኋ። የአዞው ነገር ደግሞ...

አሳምነው፦ ዝም በል! ይህ ሱቅ ከሄደ ጀርሚስተን መንገድ ዳር ካልሲ ዘርግተን ነው የምንቀመጠው። ሄጄ ላስተካክል። አንተ ንቅንቅ እንዳትል፤ ምላስህም ጭምር!

(ይወጣል። ዱካሞ ለአንዲት ደንበኛ ዳቦ ይሸጣል። አሳምነው በግኖ ይመለሳል።)

ዱካሞ፦ ምን አልካቸው?

አሳምነው፦ ጥርት ባለ ዙሉ፣ «አንቺም አባቶችሽም ከአዞ ጋር ምንም አትገናኙም» አልኳት።

ዱካሞ፦ ወይ ጉዴ! አዞ እኮ የጎሳቸው ምልክት ነው! ሰው ሲያከብራቸው በሱ ነው የሚጠራቸው። ዘር የለሽ ነሽ ብለሃቸው መጣህ!

አሳምነው፦ (ድምፁ ወርዶ) ለዚያ ነዋ የተኮሳተረችው... ቀጥላ «የአንተስ እንስሳ ምንድነው?» አለችኝ።

ዱካሞ፦ ጎሳህን ነው የጠየቁህ። ምን መለስክ?

አሳምነው፦ የሰደበችኝ መስሎኝ፣ «እኔ ሰው ነኝ! አህያ ከፈለግሽ አህያው ዱካሞ ነው፤ ሱቅ ውስጥ አለልሽ» አልኳት።

ዱካሞ፦ እሺ?

አሳምነው፦ ፊቷ ፈካ ብሎ፣ «እንግዲያው ሱቄን ለአህያው ጎሳ ሰው አከራይቻለሁ፤ ጎሳ የሌለው ሰው አላስገባም» አለች።

ዱካሞ፦ (የሱቁን ቁልፍ ከአሳምነው እጅ ቀስ አድርጎ እየወሰደ) አይዞህ፣ እኔ አስገባሃለሁ። ብቻ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለህ፣ «እንደምን አደሩ፣ አህያው» ትለኛለህ። በአንቱታ!