ባልተላክንበት ቤት ሽማግሌ ሆነን

የዛሬ ሰው መንገድ መጠየቅ ያፍራል። ስልኩ እያለ አፉን ምን በወጣው? እኔ ባደግሁበት በይርጋለም ግን ሰው የሚፈልገውን ቤት የሚያገኘው በአፉ ነበር። እንግዳ ከአውቶቡስ ወርዶ የአባቴን ስም ከጠራ፣ የመጀመሪያው ሰው እስከ ወፍጮ ቤቱ ይሸኘዋል፤ ሁለተኛው ከዚያ ተቀብሎ እስከ ደጃችን ያደርሰዋል፤ እግረ መንገዱንም የመጣበትን ጉዳይና የዘመዶቹን ጤንነት ጠይቆ ይጨርሳል። እንግዳው በራችንን ሳያንኳኳ እናቴ የማን ልጅ እንደሆነ ሰምታ አድራለች ማለት ይቻላል። ይህን ኋላ ቀርነት ነው የሚለኝ ካለ፣ አምና የደረሰብንን ያንብብና ይፍረድ።

እዚህ ናይሮቢ፣ ናትናኤል የሚባል የወዳጄ ልጅ አለ። እዚሁ ተወልዶ ስላደገ ንግግሩን በአማርኛ ጀምሮ፣ በእንግሊዝኛ አቋርጦ፣ በስዋሂሊ ይጨርሰዋል። ሳውዝ ሲ የሚባለው ሰፈር የምትኖር አንዲት የአገሩን ልጅ ወደደ፤ አባቷም ሽማግሌ ሳይላክ ልጅ አልሰጥም አሉ። እኔ ያላየኋቸውን እኚህን ሰው በዚያው ዕለት አከበርኋቸው። ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጥን፦ ኢስሊ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ ሙክታር፣ ምግብ ቤት ያላቸው አቶ ዘውዴ፣ ተናጋሪ ሆኜ ደግሞ እኔ። ተናጋሪነቱን የተቀናቀነኝ አልነበረም፤ ቢኖርም አልለቅለትም ነበር። ሳምንት ሙሉ ንግግሬን አሰናዳሁ።

ስለ ቤቱ አቅጣጫ ናትናኤልን ስጠይቀው፣ “ጋሼ፣ ዶንት ዎሪ፤ ሎኬሽኑን ለአቶ ዘውዴ ልኬያለሁ፣ ሳዋ?” አለኝ። የበሩ ቀለም ምንድን ነው፣ አጠገቡስ ምን ሱቅ አለ ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ተነሣን። አቶ ዘውዴ ይነዳሉ፤ ከስልካቸው ውስጥ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ታዛቸዋለች፤ ግራ ስትላቸው ግራ፣ ቀኝ ስትላቸው ቀኝ። ሚስታቸውን እንዲህ ሲታዘዙ አይቼ አላውቅም። ሰፈሩ በር ላይ የቆመውን ጠባቂ እንጠይቅ ብል፣ ደርሳችኋል እያለች ምን ይጠየቃል ብለው አሳፈሩኝ።

አንኳኳን። ነጠላ የደረቡ ሴት ከፍተው፣ ግቡ ግቡ አሉን። ሽበታቸው ያማረ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት ተቀበሉን። ተቀመጡ ቢሉን አልተቀመጥንም፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥማ። የቤቱን ጌታ በስም መጥራት፣ የልጅቷንም ስም በአባቷ ፊት ማንሳት ድፍረት ስለሚሆን፣ “ልጅዎን ለልጃችን” አልሁና ቀጠልሁ። ከናትናኤል አያት ፍርድ አዋቂነት ተነሥቼ እስከ ራሱ የሥራ ትጋት ወረድሁ። መካከል ላይ አድማጭ እንዲተነፍስ ዝም የምልበት ቦታ ነበረኝ፤ እሱንም አልዘለልሁትም። አዛውንቱ አንድ ሁለት ጊዜ ሊናገሩ ቃጥተው ተዉት። ስጨርስ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። ዘመድ አማክረን በሁለት ሳምንት እንመልስላችኋለን አሉ። መቼም በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ቤቱ ውስጥ የተሰበሰበ ዘመድ፣ የተሰናዳ ድግስ አለማየቴን እንኳ ከጨዋነታቸው ቆጠርሁት።

ገና መኪናው ውስጥ ሳለን ናትናኤል ደወለ። የት ናችሁ? የልጅቷ ዘመዶች ከቀትር ጀምሮ ተሰብስበው እየጠበቁ ነው አለ። ተመልሰን እንዳንሄድ፣ አባቷ ሽማግሌው በቀጠሮው የማይገኝ ቤተሰብ ልጄን አያገኝም ብለው ዘመዱን በትነዋል። ታዲያ እኛ የማንን ልጅ ነው የጠየቅነው? ሐጂ ሙክታር፣ የማንም ትሁን የማን ጥሩ ቤተሰብ ናቸው አሉ።

ልጁ ሳምንቱን ምግብ አልበላለት አለ። እኛም አንዱን ቤት መልስ እያስጠበቅን ሌላ ደጅ መቆም አንችልም፤ አስቀድመን ጥያቄያችንን መልሰን መውሰድ አለብን። በስምንተኛው ቀን ወደ አዛውንቱ ተመለስን። ስማቸው አቶ ተሰማ እንደሚባል ያወቅሁት ይቅርታ በምጠይቅበት ሰዓት ነው። በዕድሜዬ ይቅርታ የጠየቅሁባቸው ቀኖች በጣት ይቆጠራሉ፤ ይህኛው ከሁሉም ይከብድ ነበር። አቶ ተሰማ አስጨርሰውኝ እንዲህ አሉ፦

“ቤት እንደተሳሳታችሁ አፍዎን ሲከፍቱ ነው የገባኝ። እኔ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ ካገባች አራት ዓመቷ ነው። ማግባቷን የሰማሁት በሚስቴ ስልክ በመጣ ፎቶግራፍ ነው። እዚህ ቤት ለሷ ሽማግሌ ቆሞ አያውቅም። ላቋርጥዎ አስቤ ነበር፤ ደስ አለኝና ተውሁት።”

ይህን ብለው ከዘራቸውን አንሥተው፣ የምትፈልጉት ሰው ከአጥሬ ጀርባ ነው፣ አብረን ነው የምናስቀድሰው፤ ተነሡ አሉ። ስልክም መኪናም ሳያስፈልገን፣ በእግራችን፣ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ደረስን።

የልጅቷ አባት እኛን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ አቶ ተሰማን ሲያዩ ግን በሩን መዝጋት አልቻሉም። ገብተን ቆምን። ለናትናኤል ከዚህ ሌላ ዕድል እንደሌለው አውቃለሁና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ለካስ በዕድሜ የሚበልጡን አቶ ተሰማ ናቸው፤ ቀደሙኝ። “ልጅዎን ለልጃችን” ብለው ጀመሩ። ከአያትየው ፍርድ አዋቂነት ተነሥተው እስከ ልጁ ትጋት ወረዱ። መካከል ላይ ዝም የምልበት ቦታ ሲደርሱ ዝም አሉ። አባትየው ዓይናቸውን ጠርገው፣ ቅሬታዬን ትቻለሁ፣ ልጄ ልጃችሁ ናት፤ እንዲህ ያለ ንግግር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ እርስዎስ የሚጨምሩት አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

የለኝም አልሁ።

በኋላ ሚስታቸውን በዘዴ ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ አቶ ተሰማ ስልክ የሚባል ነገር ይዘው አያውቁም፤ ድምፄን የቀዳም የለም። አንዴ ብቻ ሰምተው፣ ስምንት ቀን በጭንቅላታቸው አሳድረው፣ አንዲት ቃል ሳይጥሉ ወሰዱብኝ። እስቲ እንዲህ ያለውን ሌባ የትኛው ስልክ ይወጣዋል?