ውድቅ የተባለው ማርሽ

ሰው ዕቃ የሚጠፋው በመጣል ይመስለዋል። ተሳስቷል፤ ዕቃ የሚጠፋው በማስቀመጥ ነው። የወደቀ ነገርማ መንገድ ላይ ነውና አላፊ አግዳሚው ያነሣዋል። «እንዳይጠፋ» ተብሎ በክብር ከሣጥን ሥር የገባ ነገር ግን አለቀለት። ባልና ሚስት እስኪኳረፉ ድረስ ይፈለጋል፣ ልጆች ይገሠጹበታል፣ ሠራተኛዋ ትጠረጠርበታለች፤ ሁሉም ከታረቀ በኋላ ሌላ ነገር ሲፈለግ ብቅ ይላል። የእናንተ ቤት እንዲህ ካልሆነ ደስ ይበላችሁ። የእኛ ግን እንዲህ ነው።

መሥሪያ ቤት ደግሞ ምንድን ነው? ሣጥኑ የበዛ ቤት ነው። እኔ በወጣትነቴ የተቀጠርሁበት፣ ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ የውኃ ፓምፕና ወፍጮ የሚጠግን፣ አልፎ አልፎም አዲስ ማሽን የሚነድፍ ድርጅት ነበር። ከጀርባው አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ከእኛ በፊት የነበሩት መሐንዲሶች የሠሯቸው ንድፎች እንደ ጧፍ ተጠቅልለው እዚያ ቆመዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቷ ስትገባ አቧራው ወርቅ ይመስላል፤ ወረቀቱም የቆየ ማር የመሰለ ሽታ ነበረው። እገባና የመጣሁበትን ረስቼ እቆማለሁ። ያን ሁሉ መስመር ማን አሠመረው? ስንቱስ ብረት ሆኖ ዓለምን አየ?

የሚፈልጉትን ማግኘት ግን ዘበት ነበር። አንዱ «ማርሽ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ባለጥርስ መዘውር» ብሎታል፤ አዲስ አበባ ተምሮ የመጣው ደግሞ «ጊር» ይለዋል። ለአንድ ልጅ ሦስት ስም አውጥታችሁ ስትጠሩት ማን አቤት ይላል? ስለዚህ ከመፈለግ እንደገና መንደፍ ይቀለን ነበር። አባቶቻችን የነደፉትን እኛ እንነድፋለን፣ እኛ የነደፍነውን ከአጠገባችን ያለው ባልደረባ በሌላ ስም ይነድፈዋል። ሁላችንም ታታሪዎች ነበርን። ሁላችንም አንድ ቦታ ነበርን።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው አንድ የፍለጋ ፕሮግራም የመጣልን። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለ ንድፍና የማሽን ዕቃ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በስም ቢሉ በስም፣ በልክ ቢሉ በልክ ይፈልጋል። ስሙ ቢጠፋችሁ እንኳ የዕቃውን ቅርጽ ታሳዩትና የሚመስለውን ያመጣል። ሥራው የተሰጠው ለሰዓዳ ነው። ሰዓዳ ጎንደር አራዳ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ ከኖሩ ቤተሰቦች የተወለደች፣ እጇ የማይቸኩል መሐንዲስ ናት። ክረምቱን ሙሉ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ እየፈታች፣ እየዘረጋች፣ ስካን ስታደርግ ከረመች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሷ የሞቱና ጡረታ የወጡ ሰዎችን መስመር በመዳፏ ታቃናለች። አንዳንዴ ሳልፍ «እይ፣ የዚህ ሰውዬ እጅ እንዴት ያምራል» ትለኛለች። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጊዜ ማጥፋት ይመስለኝ ነበር።

በበጋው ከዳባት ማዶ ካለች አንዲት የደጋ ከተማ ክፉ ወሬ መጣ። የጥልቁ ጉድጓድ ፓምፕ ቆሟል። የሞተሩን ኃይል ተቀብለው ወደ ጉድጓዱ ለሚወርደው ዘንግ የሚያቀብሉት ጥንድ ማርሾች ጥርሳቸው ረግፏል፤ ፓምፑን የሠራው የውጭ አገር ፋብሪካም ከተዘጋ ቆይቷል። ልናይ ስንሄድ ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ሲወጡ ተገናኘን። ጉም ውስጥ ነበሩ፤ መጀመሪያ ሳላቸውን ሰማን፣ ከዚያ ጀሪካኑን፣ ከዚያ ፊታቸውን አየን። አንዲት ወጣት ከሁለት ቀን በፊት እዚያ ገደል ላይ ተንሸራታ እግሯ ተሰብሯል። የነገረን ሰው ድምፁን ከፍ አላደረገም። ባደረገው ይሻለኝ ነበር።

የረገፉትን ጥርሶች በከረጢት ይዤ ተመለስሁና ከባዶ መንደፍ ጀመርሁ። ከተሰበረ ገንቦ ላይ የገንቦውን መልክ እንደማውጣት ነው። ስሠራ ስሰርዝ ሰነበትሁ። ሰዓዳ የምትችለውን ያህል ታገሠችኝ፤ ከዚያ ከስባሪዎቹ ትልቁን አንሥታ ወደ ኮምፒውተሯ ሄደች። «ማርሽ» አለችው፤ አላመጣም። «ባለጥርስ መዘውር» አለችው፤ የወፍጮ ዕቃ አመጣ። በመጨረሻ ስም የሚባለውን ተወችና ቅርጹን ብቻ አሳየችው።

«ና እስቲ» አለችኝ።

ስክሪኑ ላይ ጥንድ ማርሾች ተቃቅፈው ተኝተዋል። መስመሩ ቀጭን፣ ቁጥሩ እንደ ድጓ ጽሕፈት የጠራ። ልኩ የእኛው ነው፤ የመሐል ቀዳዳው ብቻ ትንሽ ይጠባል። ርእሱ «የዘይት መጭመቂያ» ይላል። ከሥሩ መኩሪያ የሚል ስምና ፊርማ አለ። በፊርማው ላይ ደግሞ፣ እንደ ጥፊ፣ ማኅተም አርፎበታል፤ «ውድቅ»።

ኃላፊያችን ንድፉን አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ እኛን አየ። «ውድቅ የተባለ ነገር ላይ አልፈርምም። ለምን እንደወደቀ አምጡልኝ። ጥርሱ እየዞረ ሳለ ቢረግፍስ? ዘንጉን ሰብሮ ጉድጓዱ ውስጥ ቢጥለውስ?» አለ። ክፋት አልነበረም፤ እውነቱን ነው። ጉድጓዱ ከተበላሸ ከተማዪቱ ሌላ ጉድጓድ የላትም።

ጋሽ መኩሪያ ጡረታ ወጥተው ከአዘዞ አለፍ ብሎ በባሕር ዳር መንገድ ባለችው ጠዳ፣ ከልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ ሰማን። ስንደርስ ከንብ ቀፏቸው ዘንድ ነበሩ። ረዥም፣ ከሲታ፣ ንቦቹ እንዳይቆጡ ይሁን ተፈጥሯቸው ሆኖ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሰዓዳ ላፕቶፗን ከፍታ አቀረበችላቸው። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና አጎነበሱ።

«ይኼማ የእኔ እጅ ነው» አሉ። ዝቅ ብለው ደግመው አዩት። «አለ እንዴ? ያቃጠሉት መስሎኝ!»

«አለ ጋሼ። ምነው ግን ውድቅ ተባለ?» አለች ሰዓዳ።

«እሱንማ እኔ ልጠይቃችሁ ነበር።» ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። «አንድ ጧት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት፤ ማኅተሙ እንዳለ። ማንም ምንም አላለኝ፣ እኔም አፍሬ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲያ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ጥርሱን በልቤ እቆጥረዋለሁ፤ የት ጋ ይሆን የሳትሁት እያልሁ።»

ስለ ከተማዪቱ፣ ስለ ገደሉ፣ እግሯ ስለተሰበረው ወጣት ነገርናቸው። ወረቀትና እርሳስ አምጡልኝ አሉና ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሰዓዳ በኮምፒውተሩ፣ እሳቸው በእርሳስ፣ ሁለቱም አንዱን ስሌት ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልጃቸው ብርዝ አቀረበችልን። ንቦቹ ያንጎራጉራሉ፣ ፀሐይዋ ትዘነብላለች፣ በባሕር ዳር መንገድ የሚያልፉት መኪኖች ከሌላ ዓለም የመጡ ይመስላሉ። እኔ የሁለቱን ፊት እያየሁ ፈራሁ። ስሕተቱ ቢገኝ ከተማዪቱ ብቻ አይደለችም የምትጠማው፤ እኒህንም ሰው ከነጥርጣሬያቸው ብንተዋቸው ይሻል ነበር።

ጋሽ መኩሪያ እርሳሱን አስቀመጡ። ሰዓዳን ቀና ብለው አዩዋት፤ ራሷን ነቀነቀችላቸው።

«ስሕተት የለበትም» አሉ። ከዚያም፣ ለእኛ ሳይሆን ለግራሩ፦ «ያን ጊዜም አልነበረበትም።»

ቀዳዳው ሰፋ ይበል፣ ብረቱም ጠንከር ያለ ይሁን አሉን። ልኩ ከፓምፑ ጋር እንዴት ገጠመ ብለን ስንጠይቃቸው ሣቁ። «እኔስ ከየት ያመጣሁት ይመስላችኋል? የተጣለ አሮጌ ፓምፕ ላይ አይቼ ነው የለካሁት። ለዘይት ይሆናል ብዬ።» እኔ ከባዶ ልነድፈው የደከምሁለት ነገር፣ እሳቸውም ዘንድ ከባዶ አልተነደፈም ነበር ማለት ነው።

ኃላፊያችን የሁለቱን ስሌት አይቶ ፈረመ። «ለምን ውድቅ እንደተባለ ግን አላገኛችሁም?» አለ። ሰዓዳ እሱንም ፈልጋው ነበር፤ ፕሮግራሙ ያመጣላት ያንኑ ማኅተም ነው። የጠፋውን ዕቃ ሁሉ የሚያገኝ ፕሮግራም ምክንያትን አያገኝም፤ ምክንያትን ማን ስካን አድርጎት? ምናልባት የመጭመቂያው ዕቅድ ሲሰረዝ ጥቅሉ በጅምላ ተመትቶ ይሆናል። ምናልባትም ባለማኅተሙን ያን ቀን ጥርሱን አሞት ይሆናል። አገራችን ውስጥ ስንት ሰው፣ ሌላው ሳያስበው ያሳረፈበትን ማኅተም ተሸክሞ፣ የት ነው የሳትሁት ሲል ይኖራል?

ማርሾቹ ተቆረጡ፣ ተጫኑ፣ ተገጠሙ። ሞተሩ ተነሣ። ቧንቧው አሳለ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ውኃ። እልልታው ከጉሙ ውስጥ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከየአቅጣጫው መጣ።

ጋሽ መኩሪያ ልየው ብለው ነበርና ውኃው ከመጣ ከሰነበተ በኋላ ወሰድናቸው። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ፓምፑ ዘንድ ደርሰው ዞሩት፤ ደግመው ዞሩት። ለካስ ይህን ማናችንም አላሰብነውም! ማርሾቹ በወፍራም ብረት ሣጥን ተከድነው፣ ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው የሚሠሩት። አይታዩም። ይከፈት ካልን ደግሞ ውኃው ይቆማል፤ ሴቶቹ ተሰልፈዋል።

እኔ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ሰዓዳ «ጋሼ፣ ለአንድ አፍታ እናስቁመው?» አለች።

«ተዪው፣ ልጄ» አሉ። ቀስ ብለው ተንበረከኩ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ከብረቱ ላይ አነጠፉና ጆሯቸውን አሳረፉበት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከሰልፉ አንዲት እናት ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ጠጋ አሉ። «ምነው፣ አያ? ፓምፑ ታመመብን እንዴ?» አሉ ደንግጠው።

«የለም» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሸጋ ነው።»

ጆሯቸውን ግን አላነሡም።