አያ ዳኘው ስንት ነው?

ቁጥር ሲነገረኝ መጀመሪያ የማስበው ቆጣሪውን ነው። ማን ላከው? የት ቆሞ ቆጠረ? የተቆጠረውስ ሰው ያን ዕለት ምን ፈርቶ ነበር? «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ተጠራጣሪ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ግብር ሰብሳቢ መጣ በተባለ ቁጥር የጎንደር ገበሬ ከብቱን ወደ ቆላ ሲነዳ ያየ ሰው ባይጠራጠር ነው የሚገርመው።

ያኔ እዚያው ጎንደር ፒያሳ ልብስ እሰፋ ነበር። ጎረቤቴ ወይዘሮ ተዋበች አንድ ወንድም ነበራቸው፤ አያ ዳኘው። የዛሬ ሐኪም ቢያየው ኦቲዝም ይለው ነበር መሰለኝ፤ ያኔ ግን ስም ያወጣለት አልነበረም። ሰው ዓይን ውስጥ አያይም፤ ብዙ አይናገርም፤ ሲነኩት ይሸሻል። በዓል ግን አይስትም። በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም ዕለት ጋቢውን ተከናንቦ ደጀ ሰላሙ ጋ ከለመዳት ቦታ ይቆማል። ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ይይዛል እንጂ አይሄድም። ሲመሽ እህቱ ቤት ይገባል፤ እራቱም መኝታውም እዚያው ነው።

አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሹም መጣ። አእምሯቸው ለታመመና ዘመድ ለሌላቸው ሰዎች አዘዞ በኩል ማደሪያ ሊሠራ ታስቧልና ብዛታቸው ይታወቅ አለ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሕዝቡን በአንድ ቦታ ለማግኘት ብሎ በየደብሩ የሚዞረው በበዓል ቀን ነበር። ብልህነት መስሎታል።

ከተማው ግን ቀድሞ አውርቶ ጨርሷል። ማደሪያ የተባለው እስር ቤት ነው፤ የገባ አይወጣም፤ ልጁን ያስመዘገበ ርስቱም አብሮ ይመዘገብበታል! እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ሁሉ ጓዳ አስገብቶ ቆለፈ። የሚካኤሉ አለቃ እንኳ ቃል የማትናገር ልጃቸውን ጓዳ ቆልፈው፣ የሚያውቃት ሲጠይቃቸው «ገጠር ናት» ይሉ ጀመር።

ሹሙ ሚካኤል ደርሶ ጠየቀ። በበዓል ቀን፣ ያውም በታቦቱ ደጅ፣ «የለም» ብሎ መዋሸት ያስፈራል። ስለዚህ አለቃው ወደ አያ ዳኘው ጠቆሙ።

«ያውና።»

«ዘመድ አለው?»

«እንጃ።»

ገብርኤልም እንዲሁ ሆነ፣ ማርያምም እንዲሁ። ፊቱን አይተው የማይለዩት ባለጋቢ በየደብሩ እንደ አዲስ ሰው ተጻፈ። ጎንደር ዘመድ በሌላቸው ምስኪኖች ተሞላች፤ ሁሉም አያ ዳኘው ናቸው።

ከወራት በኋላ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ሹሙ ሁለት ዘበኞች ጭኖ በማኪና ተመለሰ። ዘበኞቹ አያ ዳኘውን ክንዱን ሲይዙት የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወይዘሮ ተዋበች ነጠላቸው ወድቆ ደረሱ።

«ምነው ጌታው! ወንድሜ ነው እኮ! ከኔ ቤት ነው የሚያድር!»

«ዘመድ የለውም ተብሎ ተጽፏል፣ እመቤቴ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

ሁላችንም ወደ አለቃው ዞርን። እውነቱን ቢናገሩ «ታዲያ የደብሩ በሽተኛ የታለ?» ይባላሉ። ዝም ቢሉ ሰው በቁሙ ሊሄድ ነው።

«የኛ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እህትም አለው፣ ደብሩም ይጦረዋል።»

ሹሙ ለቀቀው። ወሬው ቀድሞ ስለደረሰ በሌሎቹ ደብሮችም «የኛ ነው፣ ጧሪ አለው» ተባለ። ሹሙ ጎንደር ውስጥ ማደሪያ የሚያስፈልገው ሰው የለም ብሎ ጽፎ ሄደ። ማደሪያውም ሳይሠራ ቀረ። በጓዳ የተቆለፉት በፊተኛው ጽሑፍም በኋለኛውም አልነበሩም።

ከሳምንት በኋላ ወይዘሮ ተዋበች እኔን አስከትለው አለቃው ቤት ሄዱ። መስቀል ተሳልመው ተቀመጡ።

«አባቴ፣ ወንድሜን አተረፉልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎዋስ? ፀሐይ አታይም ወይ? ለሚካኤል ከዳኘው ጎን ትቁም፤ እኔ እጠብቃታለሁ።»

አለቃው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰውየው ሄዷል?»

«አዲስ አበባ ከገባ ሰነበተ።»

«እስቲ ወጣ ብለህ እይልኝ።»

ወጥቼ አየሁ። የአዘዞ መንገድ ጭር ብሏል። ተመልሼ ማንም የለም አልኳቸው።

«በሌላ በኩል ቢመጣስ?» አሉና ወንበራቸውን ስበው የጓዳው በር ላይ ተቀመጡ።